ባለቤት የሌለው ቅጂ

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ አበው። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር በነበረበት ዘመን የመጀመሪያው ቀን መክፈቻዬ ይህ ተረት ነበር። ተማሪዎቼም አንገታቸውን እየነቀነቁ ደብተራቸው ላይ ያሰፍሩታል። ሆኖም ተረቱ ያልነገረን ነገር አለ። በጽሑፍ ያለውን የሚወርሰው ማነው? የትስ ሄዶ ያገኘዋል?

የብራና ጸሐፊዎቻችን ይህ ጥያቄ ገብቷቸው ነበር። መጽሐፉ ተጽፎ ሲያልቅ በመጨረሻው ቅጠል ላይ የጻፈው ሰው ስም፣ ያጻፈው ሰው ስም፣ የተሰጠበት ደብር ስም ይሰፍራል። ለጻፈው፣ ላጻፈው፣ ላነበበውና ለሰማው ምሕረት ይለመናል። ከዚያ ደግሞ የሰረቀውም የፋቀውም ይወገዛል። ልብ በሉ፤ ሌባውና ፋቂው በአንድ ውግዘት ነው የታሰሩት። ብራና ላይ የተጻፈን ለመፋቅ ቢላዋ፣ ጊዜና ድፍረት ያስፈልጋል፤ ቢፋቅም ጠባሳው ይቀራል። የዛሬው መፋቅ ግን አንዲት ቁልፍ መጫን ናት። ጠባሳም የላት።

ይህን ያነሳሁት ያለ ነገር አይደለም። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በየመሥሪያ ቤቱ «ሰነዶቻችን በሙሉ ስካን ተደርገዋል» የሚል የምሥራች ይሰማል። ደስ ይላል። በአይጥና በዝናብ የተበላውን መዝገብ ቤት ያየ ሰው እንዴት ደስ አይለው! እኔን የሚያሳስበኝ ከምሥራቹ በኋላ የሚመጣው ዝምታ ነው። ስካን የተደረገው ዳነ ማለት ነው? ታሪክ እንደሚነግረን ከሆነ፣ ገና አልዳነም። ቅጂ የሚድነው ባለቤት ሲያገኝ ነው፤ ስም የሚሰጠው፣ ከዋናው ጋር የሚያመሳክረው፣ ያለበትን የሚያውቅ ባለቤት።

እስቲ ከመቅደላ እንነሣ። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም ዐፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ከሰዉ በኋላ የእንግሊዝ ጦር አምባውን ዘረፈ። የተዘረፈው ዕቃ በ15 ዝሆኖችና በ200 ገደማ በቅሎዎች ተጭኖ መውረዱን የታሪክ ጸሐፊዎች መዝግበዋል። ከዚያ ውስጥ 350 ያህል የብራና መጻሕፍት የብሪቲሽ ሙዚየም ንብረት ሆኑ። በ1864 ዓ.ም ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ክብረ ነገሥት እንዲመለስላቸው ወደ እንግሊዝ ጻፉ። ሙዚየሙ ከመጽሐፉ ሁለት ቅጂ ነበረውና አንዱን መለሰ። የቀሩት እዚያው እንግሊዝ ናቸው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ብዙ ጊዜ የማይነገር ነገር አለ። አንድ መጽሐፍ የተመለሰው ሁለት ስለነበረ ነው! የተባዛ ነገር ለመስጠትም ለመመለስም ይቀላል። አንድ ብቻ የሆነ ነገር ግን በወሰደው እጅ ይቀራል፤ ወይም በአንድ ሌሊት እሳት አመድ ይሆናል። ገዳማቱ ይህን ስለሚያውቁ ዘመናቸውን ሲገለብጡ ኖረዋል። ከግራኝ አሕመድ ጦርነት የተረፉ ድርሳናት የተረፉት ከአንድ ቦታ በላይ በመኖራቸው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ወደ ቅርቡ ዘመን እንምጣ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ እ.ኤ.አ. በ1944፣ በጣሊያን የሚገኘው ጥንታዊው የሞንቴ ካሲኖ ገዳም በቦምብ ፍርስራሽ ሆነ። መጻሕፍቱ አስቀድመው ወደ ሮም ባይወጡ ኖሮ አብረው በጠፉ ነበር። ይህ ትዝታና የኑክሌር ጦርነት ስጋት ያሳሰባቸው የአሜሪካ ቤኔዲክታውያን መነኮሳት፣ ከሚኒሶታ ግዛት ከኮሌጅቪል ተነሥተው የአውሮፓ ገዳማትን መጻሕፍት በማይክሮፊልም ማንሣት ጀመሩ። አባ ኦሊቨር ካፕስነር የሚባሉት መነኩሴ እ.ኤ.አ. በ1965 በኦስትሪያ ክሬምስሙንስተር ገዳም ካሜራቸውን ተከሉ።

ካሜራው እኛ ዘንድ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ ጽሕፈት ቤት፣ የኮሌጅቪሉ የሂል ቤተ መጻሕፍትና የቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ ተስማምተው የኢትዮጵያ ብራናዎች የማይክሮፊልም ሥራ ተጀመረ። በዓመቱ አብዮት ፈነዳ። ዙፋን ሲወድቅ፣ መሬት ሲወረስ፣ ሰው ሲታሰርና ሲገደል ካሜራው ሥራውን ቀጠለ። እስከ 1990ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ድረስ ከ9,000 በላይ ብራናዎች ተነሡ። አንዱ ቅጂ አዲስ አበባ ቀረ፤ አንዱ ኮሌጅቪል ሄደ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። 9,000 መጻሕፍት በፊልም ጥቅል ላይ ተቀምጠዋል እንበል። የቱ ውስጥ ምን አለ? አንድ ብራና ውስጥ እኮ አንድ ድርሰት ብቻ አይደለም የሚገኘው። ከተአምረ ማርያም ኋላ የርስት ውል፣ ከወንጌል ኅዳግ ላይ የንጉሥ ስጦታ፣ ከገድል መጨረሻ ባዶ ቅጠል ላይ የረሃብ ዘመን ማስታወሻ ሊኖር ይችላል። ይህን የሚያውቀው ገጽ በገጽ ያነበበ ሰው ነው። ፊልሙ አንሥቷል እንጂ አላነበበም።

ያነበቡት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበሩት እኚህ ሰው በ1968 ዓ.ም መጀመሪያ ወታደሮች ሊይዟቸው መጥተው በጥይት ቆሰሉ። ከዚያ በኋላ በእግራቸው አልቆሙም። እ.ኤ.አ. በ1976 ኮሌጅቪል ገብተው በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆነው ያን የፊልም ክምር ማንበብ ያዙ። የመጀመሪያዎቹን ጥራዞች ዊሊያም ማኮምበር ጀምረውት ነበር። ፕሮፌሰር ጌታቸው ቀጠሉት፤ ካታሎጉም 10 ጥራዝ ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ1988 የማክአርተርን ሽልማት ተቀበሉ። በሰኔ 2013 ዓ.ም እስካረፉበት ጊዜ ድረስ ብዕራቸውን አላስቀመጡም።

አንድ ቁጥር ልጨምር። አሥሩ ጥራዞች የሸፈኑት እስከ ቁጥር 5,000 ያሉትን ብራናዎች ነው። ፎቶ የተነሡት ከ9,000 በላይ ናቸው። ልዩነቱን አስተውሉት። ማንሣት ፈጣን ነው፤ መዘርዘር ግን ዕድሜ ይበላል። የማንሣት ፍጥነት ያዘናጋል የምለውም ለዚህ ነው። ዘርዝሮ ያነበበ ሰው ምን እንደሚያተርፍ ለማየት የፈለገ ደግሞ፣ ፕሮፌሰሩ እ.ኤ.አ. በ2004 በአማርኛ ያሳተሙትን «ደቂቀ እስጢፋኖስ»ን ይመልከት። በ15ኛው መቶ ዘመን በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የተሰደዱት፣ የተገረፉትና የተገደሉት መነኮሳት ታሪክ ከብራና ወጥቶ ተራው አንባቢ እጅ ገባ። ተሸናፊዎቹ ከአምስት መቶ ዓመት በኋላ ቃላቸው ተሰማ። በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ማለት ይህ ነው፤ ግን በመካከል አንድ ሰው ነበረበት።

ከማይክሮፊልም በኋላ ዲጂታል ካሜራ መጣ። የብሪቲሽ ላይብረሪ ለአደጋ የተጋለጡ ቤተ መዛግብትን የሚረዳ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2004 ጀመረ፤ አገራችንም ተጠቃሚ ሆናለች። የሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ2009 እስከ 2015 እ.ኤ.አ. በትግራይ አብያተ ክርስቲያናት እየዞሩ መጻሕፍት አነሡ። በጊዜው «እነዚህ ፈረንጆች ደግሞ ምን ፍለጋ ነው?» ያለ አልጠፋም። በጥቅምት 2013 ዓ.ም ጦርነቱ ተነሣ። ገዳማትና አብያተ ክርስቲያናት ተጎዱ፤ ንዋያተ ቅድሳትና ብራናዎች ተዘረፉ። ዛሬ አንድ ብራና በውጭ ገበያ ላይ ብቅ ቢል «ይህ የእገሌ ደብር ንብረት ነው» ብሎ ለመከራከር ዋናው ማስረጃ ያ ፎቶና ከፎቶው ጋር የተጻፈው መግለጫ ነው። መግለጫ የሌለው ፎቶ ግን ምስክር ሆኖ አይቆምም።

አሁን ከገዳም ወጥተን ወደ መሥሪያ ቤት እንግባ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የቆየ ፋይል ፍለጋ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄጄ ነበር፤ ስሙ ይቆይ። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ትሑት ልጅ ናት።

«አባባ፣ የድሮ ፋይሎች በሙሉ ስካን ተደርገዋል፤» አለችኝ።

«ተመስገን! እንግዲያው አንዴ ፈልጊልኝ፤» አልኳት።

ኮምፒውተሩን ወደ እኔ አዞረችልኝ። ስካን 0001፣ ስካን 0002፣ ስካን 0003 እያለ እስከ ብዙ ሺህ ይወርዳል። የሰው ስም የለ፣ ዓመት የለ፣ የመዝገብ ቁጥር የለ። ወረቀቱስ? «ቦታ ስለሚያጣብብ ተወገደ» ተባልኩ። ወረቀቱ በነበረ ጊዜ ሽማግሌው መዝገብ ያዥ «ሦስተኛው መደርደሪያ፣ ከግራ በኩል» ይሉ ነበር። እሳቸው ጡረታ ወጡ፤ መደርደሪያውም ተነቀለ። እንግዲህ ያ ሁሉ ሰነድ አለ ማለትም ይቻላል፤ የለም ማለትም ይቻላል።

ይህን ሮሮዬን የሰማ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ፣ ሥነ ጽሑፉን ትቶ ኮምፒውተር ውስጥ የገባ ልጅ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ላፕቶፑን ይዞ ቤቴ መጣ። የሰፈራችንን እድር መዝገቦች ስካን ልናደርግ ተስማምተን ነበር። የጠበቅሁት ባለ ብዙ ሥዕል፣ ባለ ብዙ ቁልፍ ፕሮግራም ነው። እሱ ግን አንድ ጥቁር መስኮት ከፈተ። ሥዕል የለ፣ ቁልፍ የለ፤ ባዶ መስመር ላይ የምትብለጨለጭ ምልክት ብቻ።

«ይሄ ነገር የድሮ ነው እንዴ?» አልኩት።

«ጋሼ፣ እዚህ የሚሠራው በጽሑፍ ነው። የሚፈልጉትን በአንድ መስመር ይጽፋሉ፤ ኮምፒውተሩ ይፈጽማል። እዚያ በሥዕል የሚሠራ ሰው ትናንት ምን እንደተጫነ አያስታውስም። እኔ ግን ትእዛዙን ጽፌ አስቀምጠዋለሁ። ከአሥር ዓመት በኋላ የሚመጣ ሰው ይህ ገጽ እንዴት እንደተሠራ ያነበዋል። ለአንድ ገጽ የጻፍኩትን ለአሥር ሺህ ገጽ አንድም ሳይዛነፍ ይደግመዋል። ደግሞ ነፃ ነው፤ የፈቃድ ክፍያ የለውም።»

ሐሳቡ ልቤን ነካው። ትእዛዙ ራሱ ሰነድ ነው እያለኝ ነው። የብራናው ጸሐፊ በመጨረሻው ቅጠል ላይ የሚተወው ማስታወሻ ዓይነት ማለት ነው።

ሥራው እንዲህ ነው። በአንድ ትእዛዝ ስካነሩ ገጹን በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ጥራት ያነሣል። በሌላ ትእዛዝ የተጣመመው ይቃናል፤ የጠቆረው ጠርዝ ይጠራል። በሦስተኛው ደግሞ ቴሰራክት የሚባል ፕሮግራም ከምስሉ ላይ ፊደሉን እየለቀመ ወደ ጽሑፍ ይለውጣል። የቴሰራክት ታሪክ ራሱ ደስ ይላል። ሂውሌት ፓካርድ ኩባንያ ከ1985 እስከ 1994 እ.ኤ.አ. ሠርቶት ከዚያ መደርደሪያ ላይ ጥሎት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 ለሕዝብ በነፃ ተለቀቀ፤ ከዚያም ጉግል ለዓመታት አሳደገው። ዛሬ አማርኛና ትግርኛን ጭምር ያነባል። በመጨረሻም የተነበበው ጽሑፍ በዓይን በማይታይ ሁኔታ ከምስሉ ሥር ይነጠፋል። ዓይን የሚያየው የድሮውን ገጽ ነው፤ ስም ጽፎ የሚፈልግ ሰው ግን ያገኘዋል። ሙያ ማለት ይሄ ነው!

ነገር ግን ሙያ ሁሉ ወሰን አለው። በታይፕ የተመታ አንድ የእድሩ የቆየ ቃለ ጉባኤ ነበረን። ማሽኑ ካነበበው ላይ ልጁ ጮክ ብሎ አነበበልኝ፦ አንድ አባል ለእድሩ «የሸጡት» ድንኳን። እኔ ደነገጥሁ፤ ሰውየው በለጋስነታቸው የታወቁ ነበሩ። ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን ይዤ ሄድኩ። «የሰጡት» ነው የሚለው። ከፊደሏ ራስ ላይ የካርቦን ጭረት አርፎባት ማሽኑ «ሰ»ን «ሸ» አድርጓታል። ሰጠና ሸጠ! በፊደላችን በሁለቱ መካከል ያለው አንዲት ሰረዝ ናት። ተና ቸ፣ ነና ኘ፣ ደና ጀም እንዲሁ ናቸው። ዛሬ ስለ ድንኳን ሆነና ሳቅን። የውርስ ክርክር፣ የቤት ውል ቢሆንስ? ያ ወረቀት ተጥሎ ቢሆንስ? ለጋሱ ሰው ነጋዴ ሆነው ይቀሩ ነበር።

ይህ የእኛ ፊደል ጣጣ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2013 ዴቪድ ክሪዝል የተባለ ጀርመናዊ የኮምፒውተር ባለሙያ አንድ አስደንጋጭ ነገር ይፋ አደረገ። የዜሮክስ ኩባንያ አንዳንድ ስካነሮች የቤት ፕላን ላይ ያሉ ቁጥሮችን ይቀይሩ ነበር። ስፋታቸው የተለያየ ሦስት ክፍሎች ከስካን በኋላ ሦስቱም 14.13 ካሬ ሜትር ሆነው ወጡ። ምክንያቱ የፋይሉን መጠን ለመቀነስ ማሽኑ የሚመሳሰሉ ምልክቶችን እንደ አንድ ቆጥሮ አንዱን በሌላው ቦታ መተካቱ ነው። 6 ቁጥር 8 ይሆናል። የሚያስፈራው ደግሞ የተቀየረው ቁጥር ጥርት ብሎ መታተሙ ነው። የደበዘዘ ፊደል «ተጠንቀቁኝ» ይላል፤ ጥርት ያለ ስህተት ግን ማንንም አያስጠነቅቅም። ኩባንያው በኋላ ማስተካከያ አውጥቷል። ከዚያ በፊት ስካን ተደርጎ ወረቀቱ የተወገደ ሰነድ ግን ከምን ጋር ይመሳከራል?

ሌላው አደጋ የጊዜ ነው። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1086 የመሬታቸውን ቆጠራ በብራና ጽፈው ነበር፤ ዱምስዴይ ቡክ ይባላል። በ900 ዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1986፣ ቢቢሲ የዘመኑን እንግሊዝ የሚያሳይ አዲስ ዱምስዴይ በሌዘር ዲስክ አዘጋጀ። አሥራ ስድስት ዓመት ሳይሞላ ዲስኩን የሚያነብ መሣሪያ ለማግኘት አስቸገረ፤ ባለሙያዎች ብዙ ደክመው ነው ያዳኑት። የ900 ዓመቱ ብራና ግን ዛሬም ይነበባል። የማያስፈልገው ነገር ቢኖር ኤሌክትሪክ ነው።

በእኛም ቤት ያው ነው። አማርኛ በኮምፒውተር መጻፍ ሲጀመር እያንዳንዱ የፊደል ፕሮግራም የራሱ የቁጥር አሰጣጥ ነበረው። የአንዱ ፕሮግራም «መ» ለሌላው ትርጉም የሌለው የላቲን ምልክት ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ ገባና ለእያንዳንዱ ፊደል ዓለም አቀፍ ቁጥር ተሰጠው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለዓመታት፣ በአሮጌዎቹ ፕሮግራሞች የተጻፈው ሪፖርት፣ ልብ ወለድና የመመረቂያ ጽሑፍ ግን ዛሬ ሲከፈት የተደበላለቀ ምልክት ሆኖ ይታያል። አንድም ፊደል ሳይፋቅ የማይነበብ ሆነ!

ታዲያ ምን ይደረግ? መንግሥት ትልቁን ሥራ ይሥራ፤ በ1936 ዓ.ም የተቋቋመው ወመዘክርም አደራው ከባድ ነው። እኔ ግን ከሰፈር ልጀምር። እድር አለን፣ ማኅበር አለን፣ ሰበካ ጉባኤ አለን፣ መስጊድ አለን፣ ትምህርት ቤት አለን። ለብዙው ተራ ሰው በዚህ ዓለም መኖሩ የተጻፈው እዚያ ነው። የእድሩ ሰማያዊ ቀለም መዝገብ ላይ ማን መቼ እንደገባ፣ ለማን ቤት ሐዘን እንደተዋጣ፣ ማን በየትኛው ወር እንዳረፈ ይገኛል። ይህን የሚጽፍ የታሪክ መጽሐፍ የለም።

ተማሪዬ የሠራልንን ልንገራችሁ፤ ለማንም ይቻላል። የእጅ ጽሑፉን ማሽኑ አንብቦ አያስተማምንም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ፋይል ዓመተ ምሕረቱን፣ የመዝገቡን ዓይነትና የገጹን ቁጥር የያዘ ስም ሰጠነው። ከጎኑ በተራ ጽሑፍ ዝርዝር አዘጋጀን፤ በዚህ ገጽ የእነ ማን ስም እንዳለ። ንባቡን የሠሩት እጅ ጽሑፉን የሚለዩት ሁለት የእድሩ አሮጊቶች ናቸው፤ እያለቀሱም እየሳቁም አነበቡት። ቀጥሎ ልጁ በአንድ ትእዛዝ የእያንዳንዱን ፋይል አሻራ አወጣ፤ 64 ፊደልና አኃዝ የያዘ መስመር። ከፋይሉ ውስጥ አንዲት ነጥብ ብትለወጥ አሻራው ፍጹም ሌላ ይሆናል። የዕብራውያን መጽሐፍ ቅዱስ ገልባጮች ቃላትና ፊደላትን ይቆጥሩ የነበረው ለዚሁ ነበር። በመጨረሻም ሦስት ቅጂ አደረግን፤ አንዱ በሰብሳቢው ቤት፣ አንዱ በጸሐፊው ቤት፣ አንዱ ከከተማ ውጭ።

ሰብሳቢያችን ሁሉንም በትዕግሥት ሰምተው «እንግዲህ ይሄ አሮጌ ደብተር ይቃጠል?» ብለው ጠየቁ።

«ኧረ በሕግ አምላክ!» አልኩ።

ደብተሩ በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ በእድሩ ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል። ሣጥኑ ላይ በወረቀት ተጽፎ የተለጠፈ አለ፤ ውስጡ ምን እንዳለ፣ ቅጂዎቹ የት የት እንዳሉ፣ ቁልፉ በማን እጅ እንደሆነ። ኃላፊው ሲቀየር ያቺ ወረቀትም በአዲሱ ስም ትቀየራለች፤ ይህን በቃለ ጉባኤ አጽድቀነዋል።